መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ አበባ ቢልከኝስ?

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለህ፣ በአካውንቲንግ ማስተርስህን ጨርሰሃል፣ ሁለት ሥራ ቀርቦልሃል። አንዱ ሜሪላንድ ባለ ሆስፒታል የሒሳብ ክፍል ነው። ሌላው ከስድስት ወር በኋላ ለሁለት ዓመት አዲስ አበባ ሊመድብህ የሚፈልግ የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ነው። ከዚያ የከበደህን ጻፍክልኝ፦ «ከምወደው ሰው ጋር አራት ዓመት ኖረናል፤ እሱም እንደኔ ወንድ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ልናገር? ሕጉስ ይጠብቀኛል?»

ቃለ መጠይቅ ላይ አትናገር። ነውር ስላለብህ አይደለም፤ ለሒሳብ ሥራ የሚያስፈልጋቸው ነገር ስላልሆነ ነው።

ሕጉ ሜሪላንድ ውስጥ ይጠብቅሃል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በፆታ ምክንያት እንዳያዳላ ይከለክላል። ጄራልድ ቦስቶክ ጆርጂያ ውስጥ በሕፃናት ደህንነት ሥራ ላይ ነበር፤ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የሶፍትቦል ጨዋታ ሊግ ውስጥ ከገባ በኋላ ተባረረ። ኤሚ ስቲቨንስ ደግሞ ትራንስጀንደር ነበረች፣ ማለትም ስትወለድ ወንድ የተባለች ሴት፤ ሚሺጋን ውስጥ በቀብር አስፈጻሚ ድርጅት እንደ ወንድ ስትሠራ ቆይታ፣ ከእንግዲህ በሴትነቴ ወደ ሥራ እመጣለሁ ብላ ለአለቃዋ ደብዳቤ ሰጠች፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ አሰናበታት። ጉዳያቸው የደረሰው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 15 ቀን 2020 በ6 ለ 3 ድምፅ ለሠራተኞቹ ፈረደ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ወንድ በመውደዱ የተባረረው ሰው ሴት ቢሆን ኖሮ አይባረርም ነበር፤ ስለዚህ የተባረረው በፆታው ነው። ኤሚ ፍርዱን ሳትሰማ ከአንድ ወር በፊት አረፈች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሰበራል።

በ2025 ይህን ሕግ የሚያስፈጽመው የፌዴራል መንግሥቱ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ለትራንስጀንደር ሠራተኞች ቆሞ የጀመራቸውን አንዳንድ ክሶች እንዲዘጉ ጠይቋል። ፍርዱ ግን አልተሻረም። በደል ከደረሰብህ ቀኑን፣ የተባለውን ቃል፣ ማን እንደነበረ በዚያው ዕለት ጻፍ። ሜሪላንድ ውስጥ ለኮሚሽኑ ለማመልከት 300 ቀን አለህ፤ ካለፈህ መብትህ አብሮ ያልፋል።

አሁን ወደ አዲስ አበባው እንምጣ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የአሜሪካ ዜጋ ከሆንክ፣ ለአሜሪካ ድርጅት ውጭ አገር ስትሠራም ያ የ1964ቱ ሕግ ይከተልሃል። ያለህ ግሪን ካርድ ብቻ ከሆነ ግን አይከተልህም። ዜጋ ብትሆን እንኳ ሕጉ የሚጠብቀው ሥራህን እንጂ አንተን አይደለም። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል፤ አሜሪካዊ ፓስፖርት መያዝህም ከዚህ አያስጥልህም። የቤተሰብ ሕጉም ጋብቻን በወንድና በሴት መካከል ብቻ ያውቃል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ወይ ተለያይታችሁ፣ ወይ ተሸሽጋችሁ ልትኖሩ ነው።

እናትህ እንዳይሰሙ እንደምትፈራም ጽፈሃል። ወንድሜ፣ ይህን የሚከላከል ሕግ የትም የለም። ሆስፒታሉ ውስጥም ቢሆን ከቤተ ክርስቲያናችሁ የሚያውቅህ ሰው ሊኖር ይችላል። ወሬው ከቢሮ ወጥቶ ለቅሶ ቤት ቢደርስ የምትከሰው አይኖርህም። ኤችአር፣ ማለትም የሰው ኃይል ክፍሉ፣ ቅጽ ሲሰጥህ፣ ለድንገተኛ ጊዜ የሚጠራ ሰው የሚለው ቦታ ላይ የምትወደውን ሰው ስም ከመጻፍህ በፊት ፋይሉን ማን እንደሚያየው ጠይቅ። ጥያቄው ማንም ሠራተኛ የሚጠይቀው ስለሆነ የሚጠረጥርህ የለም።

እኔን ከጠየቅከኝ ሆስፒታሉን እመርጣለሁ። ልብህ ወደ እርዳታ ድርጅቱ ካዘነበለ ግን ሳትፈርም አንድ ነገር በጽሑፍ ጠይቃቸው፦ የአዲስ አበባው ምደባ ግዴታ ነው ወይስ ዋሽንግተን ሆኜ ልሠራው እችላለሁ? ምክንያትህን መናገር አይጠበቅብህም። መልሳቸውን ስታገኝ ጻፍልኝ፤ ውሉን አብረን እናነበዋለን።