ልጁ ከእናቱ ጉብኝት ሲመለስ የሚያለቅስ ከሆነ ጉብኝቱ ይቀነስ?

ውድ እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የሕፃናት ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ከ4 ወር በፊት የታላቅ እህትዎን ልጆች ከእናታቸው ወስዶ እርስዎ ዘንድ እንዳስቀመጣቸው፣ እህትዎም በፍርድ ቤት ትእዛዝ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከትምህርት ቤት መልስ ለሁለት ሁለት ሰዓት፣ ተቆጣጣሪ በተቀመጠበት ክፍል ልጆቹን እንደሚያገኟቸው ጽፈዋል። የ6 ዓመቱ ልጅ ግን ከዚያ በተመለሰ ቁጥር እራት አልበላም ይላል፣ የ3 ዓመት እህቱን ይመታል፣ ሌሊት አልጋው ላይ ይሸናል። ዋናው ጥያቄዎ ጉብኝቱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንዲሆን ሶሻል ወርከሯን ልጠይቅ ወይ የሚል ነው፤ በዚያው ላይ ተቆጣጣሪዋ «በእንግሊዝኛ ብቻ አውሩ» ማለቷንና ወደፊት ጉብኝቱን እርስዎ ራስዎ እንዲቆጣጠሩ መጠየቅዎን አንስተዋል።

እኔ በሲያትልና በዙሪያዋ መጀመሪያ በአስተርጓሚነት፣ ኋላም በተቆጣጣሪነት ለ9 ዓመታት በእንዲህ ያሉ ክፍሎች ጥግ ተቀምጬ ማስታወሻ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ሕግ ነክ ነገር የማነሣውም እርስዎ የሚኖሩበትን የዋሽንግተን ስቴትን አስቤ ስለሆነ በሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ጠበቃ ጠይቁ። ከሥራዬ የማነሣቸውን ሰዎች ማንነታቸው እንዳይለይ አድርጌ ነው የምናገረው።

ጉብኝቱ እንዲቀነስ አይጠይቁ። ልጁ እናቱን በማግኘቱ የተጎዳ ቢመስልም የሚያስለቅሰው መለያየቱ ነው። ከጉብኝት እስከ ጉብኝት ባሉት ቀናት ናፍቆቱን አምቆ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ይጫወታል፤ እናቱን ሲያይ ያመቀው ሁሉ ይነሣበታል፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ሞላ ተብሎ እንደ መጀመሪያው ቀን እንደገና ይወሰዳል። ንዴቱን ደግሞ በተቆጣጣሪዋ ፊት አያወጣውም፤ ለማያውቃት ሴት ማን ያለቅሳል? የሚያወጣው በሚያምናት አክስቱ ቤት ነው። በእነዚያ ዓመታት ያሳሰበኝ የሚያለቅሰው ልጅ አልነበረም። ጉብኝቱ ሲሰረዝ፣ ሲዛወር፣ እንደገና ሲሰረዝ 5 ወር ያለፈበት አንድ የ4 ዓመት ልጅ ነበር፤ እናቱ በር ከፍታ ስትገባ ቀና ብሎ አየና ወደ መኪና መጫወቻው ተመለሰ፤ ስትሄድም እንደዚያው። አሳዳጊዎቹ «አሁን ለምዷል፣ ተረጋግቷል» ብለው ደስ አላቸው። እናትየዋ ግን ምን እንደሆነ ገብቷት ነበር።

ይህን ስል ማንኛውም ለቅሶ ዝም ይባል ማለቴ አይደለም። ልጁ ከጉብኝቱ በፊት የሚፈራ፣ መኪና ውስጥ አልገባም ብሎ የሚደበቅ፣ በክፍሉ ውስጥ ዛቻ ወይም ድብቅ መልእክት ተነግሮኛል የሚል ወይም በሰውነቱ ላይ ምልክት የሚታይበት ከሆነ ያንኑ ቀን ለሶሻል ወርከሯ በጽሑፍ ያሳውቁ። የጻፉልን ነገር ግን ከዚህ ወገን አይመስለኝም።

ቃልዎ ፍርድ ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደሚመዝንም ይወቁ። በቅንነት የላኩት የሁለት መስመር ኢሜይል ከወራት በኋላ በሪፖርት ውስጥ «ጉብኝቱ ልጁን ይረብሸዋል ስትል አሳዳጊዋ ገልጻለች» ሆኖ ይገኛል። ሰዓቱ ደግሞ እየቆጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የፌደራል ሕግ፣ ልጅ ከቤቱ በወጣ በ12 ወር ውስጥ ፍርድ ቤት ስለ ዘላቂ ማረፊያው እንዲወስን፣ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በመንግሥት ጥበቃ ሥር ካሳለፈ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ አቤቱታ እንዲያቀርብ ያዛል። ልጁ በዘመድ እጅ ያለ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ይህን ላለማድረግ ይችላል፤ እርስዎ ልጆቹን መያዝዎ ለእህትዎ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ ይገባዎታል። ቢሆንም ዳኛው በእናትና በልጆቹ መካከል ያለውን ትስስር የሚያየው ከእነዚህ ጉብኝቶች በተጻፈ ማስታወሻ ነው፤ ጉብኝቱ በግማሽ ሲቀነስ የሚታየውም በግማሽ ይቀንሳል። የስቴቱ ሕግ ጉብኝት ለልጁ የሚበጅ እስከሆነ ድረስ የልጁም የወላጁም መብት መሆኑን ይናገራል፤ የልጁ ደኅንነት አደጋ ላይ ሳይወድቅ፣ ወላጅ የታዘዘውን ኮርስ አልጨረሰም በሚል ቅጣት ጉብኝትን መገደብንም ይከለክላል። ብዙ እናቶቻችን ይህን ስለማያውቁ «ጥፋቴ ነው» ብለው ዝም ይላሉ።

እንግዲህ መስተካከል ያለበት መለያየቱ ነው። በብዛት ያየሁት እንዲህ ነው፦ ተቆጣጣሪዋ ሰዓቷን አይታ «ጊዜው አልቋል» ትላለች፤ መጫወቻ በችኮላ ይሰበሰባል፤ እናት ተንበርክካ ታለቅሳለች፤ ልጅ ነጠላዋን ጨብጦ አልለቅም ይላል፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ይፈለቀቃሉ። ይህን ያሳለፈ ልጅ እራት ባይበላ ምን ይገርማል? አንዲት እናት ጋር ለወራት ከሠራን በኋላ የተለየ ሥርዓት አበጀን። ሊያልቅ 15 ደቂቃ ሲቀረው እኔ እነግራታለሁ፤ እሷ ለልጇ ትነግረዋለች እንጂ እኔ አልነግረውም። መጫወቻውን አብረው ይሰበስባሉ። ጫማውን እሷ ታስርለታለች፣ የጃኬቱን ዚፕ እሷ ትዘጋለች፣ መኪናው ድረስ ይዛው ሄዳ ቀበቶውን እሷ ታስርለታለች፤ በመጨረሻም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቃል ትናገራለች፦ «ማክሰኞ እንገናኛለን፤ እስከዚያ አክስትህን እሺ በል።» ልጁ ሲሄድ ያየው ሰዎች ከእናቱ ሲነጥቁት አልነበረም፤ እናቱ ራሷ ስትሸኘው ነው። የምታለቅሰው መኪናው ማዕዘኑን ሲታጠፍ ነበር፤ እኔም ያን ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ አብሬያት እቆማለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ራሱ «ጫማዬ!» እያለ መጥራት ጀመረ።

ለሶሻል ወርከሯ በሚጽፉት ኢሜይል ላይ «ይቀነስ» በሚለው ፋንታ «የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች በዚህ መልክ ይሁኑ» ብለው ይጠይቁ። ሰዓቱም ይታይ። የ6 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ፣ ርቦት፣ ደክሞት፣ በመኪና መጨናነቅ ውስጥ አልፎ እናቱን የሚያገኝ ከሆነ ግማሹ ቁጣ የረሃብና የድካም ነው። ከሁለቱ አንዱ ወደ ቅዳሜ ጠዋት እንዲዛወር መጠየቅ ይችላሉ።

እቤት ሲደርስ «እናትህ ምን አለችህ?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት፤ ልጁ ሰላይ የሆነ ይመስለዋል። ሙሉ እራት ከማቅረብ ሾርባ ወይም ፍርፍር ቢጤ ጠረጴዛ ላይ ይኑር፤ ካልፈለገም ይለፈው። አልጋው ላይ ከአንሶላው ሥር ላስቲክ ያንጥፉ፤ ሲሸና በሌሊት ያለ ንግግር ይቀይሩለት። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚል ዘመድ ካለ እባክዎ በጉብኝት ቀን ቤትዎ እንዳይመጣ ይከልክሉልኝ። የ3 ዓመቷን በሚመለከት ደግሞ እህትዎ በጉብኝቱ ሰዓት ሹሩባ እንዲሠሯት ያድርጉ። የማውቃት አንዲት ሕፃን በእናቷ ጉልበቶች መካከል ተቀምጣ ሹሩባ ስትሠራ፣ እናቷ ከጀርባዋ ስለሆነች የእናቷ ለቅሶ አይታያትም ነበር፤ ልጅቷም ሹሩባውን እስከሚቀጥለው ጉብኝት በራሷ ላይ ይዛው ትሄዳለች። አሳዳጊዋ ሴት ይህን ተረድታ አልፈታችውም፤ በሻሽ ሸፍና ነበር የምታስተኛት።

ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ በዚህ ነገር እናደዳለሁ። ተቆጣጣሪዋ የሚነገረውን መረዳት እንዳለባት አልክድም፤ በማይገባት ቋንቋ እናት ለልጇ የምትለውን ካላወቀች ሥራዋን አልሠራችም። መፍትሔው ግን አስተርጓሚ ወይም አማርኛ የሚያውቅ ተቆጣጣሪ መመደብ እንጂ የእናትን አፍ መዝጋት አይደለም። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው የቋንቋ አገልግሎት በነፃ ማቅረብ አለበት፤ የእህትዎ ጠበቃ ይህን በጽሑፍ ይጠይቁ። የጉዳቱን ልክ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት እናት «ካም ሂር፣ ቤቢ» ስትል ልጇ አነጋገሯን ሰምታ ሳቀች፤ እናትየዋ አፈረችና ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ትመለከታት ጀመር። የጊዜው ማስታወሻ «እናት ከልጇ ጋር እምብዛም አትነጋገርም» ይላል። አስተርጓሚ ሆኜ በገባሁበት ቀን ያቺው እናት «ተረት ተረት!» ስትል ልጅቷ ካለችበት ዘላ «የላም በረት!» ብላ ጮኸች፤ ሁለቱ ሰዓት እንዴት እንዳለቀ አላወቅንም። የ3 ዓመት ልጅ ቋንቋ በወራት ሊጠፋ ይችላልና እርስዎም እቤት በአማርኛ ያናግሯት፤ አለዚያ ወደ እናቷ በምትመለስበት ቀን መግባቢያ ያጣሉ።

ቃላት ብቻም አይደለም የሚተረጎመው። አንድ ተቆጣጣሪ «ልጁ ራሱ መብላት እየቻለ እናት ምግብ በአፉ ታስገድዳለች» ብሎ ጽፎ አይቻለሁ፤ ጉርሻ ነበር። ሌላው ደግሞ እናት ዓይኑን አለማየቷን ግዴለሽነት አድርጎ ወሰደው፤ እሷ ግን ያቀረቀረችው አክብራው ነው። ስለዚህ እህትዎ ምግብ ይዘው የሚመጡ ከሆነ አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ጉርሻ ምን እንደሆነም መጀመሪያ ቀን ይናገሩ፤ ልጁ አልፈልግም ካለ አይጫኑት።

እህትዎ እንዲጠነቀቁባቸው የምፈልጋቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ሹክሹክታ ከምንም በፊት ይጻፋል፤ «እወድሃለሁ» ብቻ ቢሉት እንኳ ሌላ ነገር ይመስላል። «እዚያ ቤት ምን ያበሉሃል? ማን ይመታሃል?» የሚለው ምርመራ፣ ስለ ዳኛና ስለ ጠበቃ ማውራት፣ ስልክ መነካካት አይጠቅሙም። ከሁሉ የከፋው ተስፋ መስጠት ነው፦ «ለፋሲካ እቤት ናችሁ» የተባለ ልጅ ፋሲካ አልፎ በአክስቱ ቤት ሲነቃ የሚያምነው ሰው ያጣል። ስለ መዘግየትም፣ ባየኋቸው ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ 15 ደቂቃ ያህል የዘገየ ወላጅ ጉብኝቱ ይሰረዝበታል፤ በወረቀት ላይ የሚቀረው «አልመጣችም» የሚለው እንጂ አውቶቡሱ መዘግየቱ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ወደ ሶሻል ወርከሯ ልመና ከሚላኩ አንዳቸው በጉብኝት ቀን እህትዎን በመኪና ቢያደርሷቸው ይሻላል።

የቀረው የእርስዎ ተቆጣጣሪ መሆን ነው። የስቴቱ ሕግ ዘመድ በዚህ እንዲያግዝ ይፈልጋል፤ ለልጆቹም ከቢሮ ክፍል ይልቅ ቤተ መጻሕፍት ወይም መናፈሻ ይሻላቸዋል። ነገር ግን ታላቅዎን «ይህን አትበይው፣ ሰዓት አልቋል» ማለት ይችላሉ? ይህን ሥራ እሺ ያለች አንዲት ታናሽ እህት አውቃለሁ። በሦስተኛው ጉብኝት፣ ወደ ልጆቹ እንዳይቀርብ ፍርድ ቤት ያገደው የእህቷ ባል ስጦታ ይዞ በር ላይ ቆመ። ከደጅ መመለስ ነውር ሆነባትና ቡና ጠጥቶ ሄደ፤ ለማንም አልተናገረችም። ትንሹ ልጅ ግን በትምህርት ቤት ተናገረ። ጉብኝቱ ወደ ቢሮ ተመለሰ፤ ልጆቹም ከእሷ እጅ ሊወጡ ለጥቂት ተረፉ። እኔ ብሆን ለጊዜው «አክስት ሆኜ ልቆይ» እላለሁ፤ ስንብቱ ሥርዓት ከያዘና እህትዎም ከተረጋጉ በኋላ እንደገና ሊያስቡበት ይችላሉ። እሺ የሚሉ ከሆነ ግን ማን መገኘት እንደሚችል፣ የት እንደሚካሄድ፣ ችግር ሲፈጠር በማታ ለማን እንደሚደወል በጽሑፍ ይቀበሉ።

እስከዚያው አንድ ደብተር ይግዙ። በጉብኝቱ ቀን ልጁ ምሳ መብላቱን፣ ጉብኝቱ በሰዓቱ መጀመሩን፣ እንዴት እንደተለያዩ፣ ማታ ምን እንዳደረገና መቼ እንደተኛ ይጻፉ፤ ሰዓቱና ስንብቱ ከተስተካከሉ በኋላም ይቀጥሉ። በአንዱ ቀን አይፍረዱ፤ ቢያንስ ስድስት ጉብኝት ይቁጠሩና ደብተሩን ይዘው ከሶሻል ወርከሯና ለልጁ ከተመደበው ባለሙያ ጋር ይቀመጡ።