ላፕቶፑ አልሞተም፤ መጀመሪያ ሰዓቱን እዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ዛሬ ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ኮምቦልቻ አዲስ ሥራ እንደጀመርሽ፣ ላፕቶፑ የራስሽ እንደሆነና ከተገዛም ብዙ ዓመት እንዳስቆጠረ ጽፈሻል። መብራት ሲጠፋ አብሮ ድርግም ይላል። መብራት መጥቶ ስትከፍቺው ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ታገኚዋለሽ፤ ኢንተርኔቱም እምቢ ይላል። ያየልሽ ሰው «ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል፣ አያዋጣሽም» ብሎሻል፤ ማዘርቦርድ ማለት የኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ የሚገናኝበት ዋናው ሰሌዳ ነው። «ተበድሬ አዲስ ልግዛ?» ነው ጥያቄሽ።

አብሽሪ፣ አትበደሪ። ቢያንስ እስከሚቀጥለው ሳምንት ድረስ ቆዪ።

እኔ በኮምፒውተር ሙያ የተቀጠርኩ ሰው አይደለሁም፤ የምሠራው ግዢ ክፍል ነው። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የተበላሸ ነገር ፈትቶ ማየት እወዳለሁ። ጊክ (የኮምፒውተርና የዕቃ ነገር የሚያብከነክነው ሰው) ነኝ ስል ደስ ብሎኝ ነው። ቢሮ ውስጥ ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ፣ ስልክ ቻርጅ አልገባ ሲል የምጠራው እኔ ነኝ። አንቺ የዘረዘርሽው ችግር ደግሞ አንድ በአንድ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ደርሷል። ይኸው ይህን የምጽፍልሽ በዚያው ላፕቶፕ ነው።

እንዳንቺው ባለ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ባትሪ አለ። አንዱ የምታውቂው ትልቁ ነው። ሌላዋ ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ ናት፤ ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጣ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሰዓት ትቆጥራለች። ትልቁ ባትሪ ሲሞት ላፕቶፑ የሚኖረው በገመዱ ብቻ ነው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ትንሿም ደክማ ከሆነ ሰዓቱን የሚይዝለት የለም፤ ሲነሳ ፋብሪካ ውስጥ ከተሰጠው ቀን ይጀምራል። የእኔ ሁልጊዜ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ላይ ነበር የሚነቃው።

ኢንተርኔቱ እምቢ ያለውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ኔትወርኩ ላይ ምንም ችግር ላይኖር ይችላል። ድረ ገጾች የደህንነት ሰርተፊኬት አላቸው፤ ሰርተፊኬቱ ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ብሮውዘሩ (ድረ ገጽ የምትከፍቺበት ፕሮግራም) ያንን ቀን ከኮምፒውተርሽ ሰዓት ጋር ያመሳክራል። ኮምፒውተርሽ «ዛሬ 2015 ነው» ካለ ሰርተፊኬቱ ገና ያልተጀመረ ይመስለዋል። «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቶ በሩን ይዘጋብሻል። ሥራውን ነው የሠራው፤ የተነገረው ቀን ነው የተሳሳተው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኛ አገር የሚያጋጥም ነውና። እትዬ ብለን የምንጠራቸው ገንዘብ ያዣችን አንድ ጠዋት ጠሩኝ። ዴስክቶፓቸው ምንም ገጽ አልከፍት ብሏል። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን መብራት ሲመላለስ ውሏል። ገመዱን አየሁ፣ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ብሮውዘር ቀየርኩ። ምንም የለም። እሳቸው አጠገቤ ቆመው «ሰዓቱ ተዛብቶ ነበር፣ እኔው አስተካክዬዋለሁ» አሉኝ። ሰዓቱን ዝም ብዬ አልፌው ነበር፤ በስተመጨረሻ ወደ ስክሪኑ ጥግ ተመለከትኩ። ጊዜው በእኛ መስከረም 2017 ዓ.ም. ነበር፤ እሳቸውም በ9ኛው ወር (በሴፕቴምበር) ቦታ መስከረም ብለው፣ 2017 ብለው ሞልተዋል። ሰዓቱንም 3:10 አድርገውታል። ጠዋት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ልክ ሦስት ሰዓት ከአሥር ነበር።

አልተሳሳቱም። ቀኑም ሰዓቱም በእኛ ትክክል ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ያን ቀን ለእሱ ሴፕቴምበር 2024፣ ሰዓቱም 9:10 ነው። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ስለነበር ድረ ገጹ ሁሉ ተዘጋባቸው። አስተካክዬ፣ የሰዓት ክልሉን «ናይሮቢ» የሚለው ላይ አደረግኩት፤ ዊንዶውስ ላይ የእኛ ሰዓት ያለው በዚያ ስም ነው፣ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ሲደመር 3። ወዲያው ተከፈተ። አንቺም ሰዓቱን ስታስተካክዪ ይህን ልብ በዪ። ስልክ ላይ ያለ የባንክ መተግበሪያም ቀኑ ከተዛባ እንዲሁ ሊያስቸግርሽ ይችላል።

አሁን ወደ አንቺ እንመለስ። ማዘርቦርድ ነው የተባለው እውነት መሆኑን ከማመንሽ በፊት ዛሬ ማታ ይህን ሞክሪ። ቀኑንና ሰዓቱን በፈረንጅ በትክክል ሙዪ። ላፕቶፑን በደንብ አጥፊው። ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀዪና እንደዚያው ይደር። ኢንተርኔት ራሱ ሰዓቱን እንዳያስተካክለውና እንዳያሳስትሽ ላፕቶፑን ከማጥፋትሽ በፊት ዋይፋዩንም አጥፊው። ጠዋት ሰክተሽ ስትከፍቺው ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ ሳንቲሟ ባትሪ ደክማለች ማለት ነው።

ባትሪዋ ላይ ብዙ ጊዜ «ሲአር 2032» የሚል ተጽፎ ታገኛለሽ። 20 ስፋቷ ነው፣ 20 ሚሊ ሜትር። 32 ደግሞ ውፍረቷ፣ 3.2 ሚሊ ሜትር። ይህን ማወቅሽ ይጠቅምሻል፤ ባለሱቁ «ሲአር 2025» ወይም «ሲአር 2016» ሰጥቶ «ያው ነው» ሊልሽ ይችላል። ስፋታቸው አንድ ነው፤ ውፍረታቸው ግን ያንሳል። ቦታቸው ላይ ስለሚላሉ አንዳንዴ ይይዛሉ፣ አንዳንዴ አይይዙም። የመኪና ሪሞት የሚሠሩና ሰዓት የሚያድሱ ቤቶች አያጡትም፤ እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው ያገኘሁት። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም ነበር። ሻጩ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለው አስለኪው። አዲስ ከሆነ 3 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ማሳየት አለበት። የእኔ አሮጌዋ ስትለካ 1.4 ነበረች።

ላፕቶፕ ውስጥ ያለችው አንዳንዴ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ቀይና ጥቁር ሽቦ አላት። እንዲህ ከሆነች አሮጌዋን ይዘሽ ሂጂና ሶኬቷ የሚመሳሰል ፈልጊ። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ ጭራሹን ትንሿ ባትሪ የላቸውም፤ ሰዓቱን የሚይዘው ትልቁ ባትሪ ነው። ራስሽ ልትፈቺው ከፈለግሽ ቻርጀሩን ንቀዪ፣ ትልቁ ባትሪ ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አላቅቂው፣ ከዚያ ነው ካቻቢቴ የሚነሳው፤ ውስጥ ከሆነ ግን ክዳኑን እንደከፈትሽ መጀመሪያ እሱን አላቅቂ። ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ በፕላስተር ለጥፊያቸው፤ ርዝመታቸው ይለያያል። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ አስገድደሽ ካጠበቅሽው ማዘርቦርዱን የምር ትጎጂዋለሽ።

ትልቁ ባትሪ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ ጥፋት የሠራሁት እዚያ ላይ ነው። ደሴ ነው የምኖረው። ለሥራ በየቀኑ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማታ ሥራ ስጨርስ ላፕቶፑን ክዳኑን ብቻ ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ። ተኝቷል ብዬ ነው የማስበው። አንድ ቀን ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ጭጋግ ነበር፤ መኪናው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቦርሳው ጉልበቴ ላይ ነው። ጉልበቴን ሞቀኝ። ብርድ ስለነበር ደስ አለኝ እንጂ ምንም አላሰብኩም። ለካ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ እየነቃ ነው፤ አየር የለው፣ መውጫ የለው፣ በራሱ ሙቀት ሲታፈን ይከርማል።

ከጥቂት ወራት በኋላ የመዳፊቱ ሰሌዳ (ታችፓዱ) ሲጫኑት አልወርድ አለ። ቀጥሎ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው መወላወል ጀመረ። ስፈታው ባትሪው እንደ ትራስ ተነፍቷል። ላፕቶፑን ከሥር ወደ ላይ ሲገፋው የነበረው እሱ ነው። የዚያን ቀን ድንጋጤ አሁንም አልለቀቀኝም፤ ሊቲየም ባትሪ ሲያብጥ ውስጡ ጋዝ አለ፤ ከተወጋ ወይም ከታጠፈ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ እባክሽ፣ ያንቺን ገልብጠሽ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጪና ከጎን እዪው። ካበጠ ቻርጅ አታድርጊው፣ ቤት ውስጥም «ሌላ ጊዜ አየዋለሁ» ብለሽ አታስቀምጪው፤ ወደሚፈታልሽ ሰው ውሰጂው። ካላበጠ ግን ሞቶም ቢሆን ጊዜ አለሽ። ወደ ቦርሳ ስታስገቢ ክዳን መዝጋት አይበቃም፣ አጥፊው። ሁልጊዜ መቶ በመቶ ሞልቶ ሙቀት ውስጥ የሚውል ባትሪም ቶሎ ያረጃል። ላፕቶፕሽ ቻርጁን 80 ላይ የሚያቆም ምርጫ ካለው አብሪው።

መብራቱን በተመለከተ። የላፕቶፕሽ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ ስለዚህ መብራቱ ቢደክም ብዙም አይጎዳውም። የሚጎዳው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ነው። እኔ መብራት ሲጠፋ ሁሉንም እነቅላለሁ፤ ከመጣ በኋላም አምስት ደቂቃ ሳልጠብቅ አልሰካም። ዲቫይደር ራሱ መከላከያ እንዳይመስልሽ፤ ብዙዎቹ መስመር ማብዣ ብቻ ናቸው። አንድ ምልክት ደግሞ አትናቂ፦ ቤት ውስጥ አንዱ አምፖል ከወትሮው በላይ ቦግ ብሎ ሌላው ከደበዘዘ ሁሉንም ነቅለሽ ቆጣሪው ጋር አጥፊ። የኒውትራል መስመሩ (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ) ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ 220 ላይ መሆን የነበረበት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል።

ቢሮሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለባትሪ ሣጥን) ካለው ላፕቶፕሽን እዚያ ላይ ሰኪ። ግን ሌዘር ፕሪንተር አብሮ መሰካቱን እዪ። እኛ ቢሮ ዩፒኤሱ ወረቀት በወጣ ቁጥር እየጮኸ ይጠፋ ነበር፤ ሁሉም ሰው ተበላሽቷል ብሎ ትቶት ነበር። ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ያንን ሲያሞቅ የሚስበው ኃይል ትንሹን ዩፒኤስ ያንበረክከዋል። ፕሪንተሩን ነቅለን ግድግዳው ላይ ሰካነው። ከዚያ ውስጡ ያለውን 12 ቮልት ባትሪ ቀየርን፤ እነዚህ ባትሪዎች ከ3 እስከ 5 ዓመት ቢያገለግሉ ነው። ዩፒኤሱ እስካሁን ይሠራል።

ስልክሽም ቻርጅ አልገባ ካለ (አልጠየቅሽም፣ ግን በሳምንት ሁለቴ የሚመጣብኝ ስለሆነ ነው) ጥገና ቤት ከመሄድሽ በፊት ስልኩን አጥፊና ቀዳዳውን በባትሪ መብራት እዪው። የኪስና የቦርሳ ብናኝ ተጠቅጥቆ ገመዱ እስከ ውስጥ አልገባ ብሎ ይሆናል። በቀጭን የእንጨት ስንጥር ቀስ ብለሽ አውጪው። መርፌ አትጠቀሚ።

ፋይሎችሽን በሚመለከት አደራ ነው የምልሽ። ላፕቶፑን ለማንም ከመስጠትሽ በፊት ሥራሽን ሁለት ቦታ ገልብጪ። አንድ ፍላሽ አይበቃም፤ ፍላሹ ራሱ ይጠፋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ያኔ የምሠራበት ቢሮ ኮምፒውተሮቹን በሙሉ አጣ። ተመልሰን ስንገባ የዓመታት መዝገብ የለም። የተረፈው አንዲት የሥራ ባልደረባችን ከቤቷ ለመሥራት ብላ ለራሷ በኢሜይል የላከቻቸው ጥቂት ሰንጠረዦች ናቸው። በእነሱ ላይ ነው እንደገና የጀመርነው። እኔ ከዚያ ወዲህ አርብ ከሰዓት ሥራዬን አንድ ኮፒ ኢሜይሌ ላይ፣ አንድ ኮፒ ቤት ያለ ሃርድ ዲስክ ላይ ሳላስቀምጥ አልወጣም።

ጥገና ቤት ስትሄጂም «ይሠራል ወይ?» ብለሽ አትጀምሪ። «ሳንቲሟን ባትሪ ለካልኝ፣ ቮልቱን አሳየኝ» በዪ። የሚያውቅ ባለሙያ በዚህ አይከፋም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ማዘርቦርድ ነው ካለም የትኛው ክፍል እንደሆነ ይንገርሽ። ልትበደሪው ካሰብሽው ገንዘብ ደግሞ ጥቂቱን እንኳን ከራስሽ ማውጣት ከቻልሽ ትልቁን ባትሪ ቀይሪበት። ከተረፈሽ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ማከማቻ) አስቀይሪ፤ ለአሮጌ ላፕቶፕ የዚያን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ነገር አላየሁም። የእኔ ለመነሳት ሦስት ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ አሁን ሻይ ሳልቀዳ ተነስቶ ይጠብቀኛል።

የዛሬ ማታውን ሙከራ አድርጊና ጠዋት ቀኑ ስንት እንደሚል ጻፊልኝ። የላፕቶፑን ሞዴልም ጨምሪበት፤ ከሥሩ ተጽፏል። ሳንቲሟ ባትሪ በሽቦ ይሁን በባዶዋ የምትገባ ከዚያ አይቼ እነግርሻለሁ። ኮምቦልቻ ካጣሽው ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ ስወጣ እጠይቅልሻለሁ።