መልስ፦ የህንድ ድራማ ሁሉ የአማትና የምራት ጠብ ነው ወይ?

«አማትና ምራት ከመጣላት ሌላ ሥራ የላቸውም ወይ?» ላልሽው፣ «ዚ ዓለም» በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በአማርኛ የሚቀርቡትን ብቻ ካየሽ አልፈርድብሽም። መልኩን በደንብ ያስያዘው በ2000 እ.ኤ.አ. ስታር ፕላስ በተባለው የህንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ የጀመረው የፕሮዲውሰሯ የኤክታ ካፑር ድራማ «ክዩንኪ ሳስ ቢ ካቢ ባሁ ቲ» ነው፤ እስከ 2008 ዘለቀ። ጥሩዋ ምራት ሁሉን ችላ ቤቱን ታቆማለች፣ ክፉዋ ተኳኩላ ተንኮል ትጎነጉናለች። (ጥሩዋን የተጫወተችው ስምሪቲ ኢራኒ ኋላ የህንድ ሚኒስትር ሆና ነበር፤ እሱም ራሱ ድራማ ነው።)

በኢንተርኔት የሚለቀቁት ግን ሌላ ናቸው። ቴሌቪዥኑን ቤተሰብ ተሰብስቦ ያየዋል፣ ስልክን ግን ሰው ለብቻው ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ደፈር ይላሉ። በ2019 አማዞን ፕራይም ላይ የወጣውን «ሜድ ኢን ሄቨን» እዪ። ዴልሂ ውስጥ ሰርግ የሚያዘጋጁ ሁለት ሰዎች ታሪክ ነው። በአንዱ ክፍል የተማረች፣ የመንግሥት ባለሥልጣን የሆነች ሙሽራ የወንዱ ወገን በስውር ጥሎሽ መጠየቁን ስትደርስበት ሰርጉን ጥላ ትወጣለች። እዚያ ከፋዩ የሴቷ ቤተሰብ ነው፤ ሕግ ከከለከለው ከ1961 ጀምሮም አልቀረም።

እንከኑ፣ የሀብታሞች ሰርግ ይበዛበታል። ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ሁሉ ለሴት ይቆማል ማለት አይደለም፦ እውነተኛ ሰዎች የትዳር አጋር ሲፈልጉ በሚያሳየው በኔትፍሊክሱ «ኢንዲያን ማችሜኪንግ» (2020) ላይ ትዳር አገናኟ ሲማ ታፓሪያ ሴቶቹን «ቻል አድርጊው» ማለት ይቀናታል፤ በዚህም ብዙ ተተችቷል።

«ሜድ ኢን ሄቨን»ን ከልጆች ጋር እንዳትከፍቺው ብቻ።