መልስ፦ የአባቴና የታላቄ ዝሆኔ የዘር ነው?

ወንድሜ፣ ምሥራቅ ጎጃም ማቻከል ላይ አባትህም ታላቅህም እግራቸው ስላበጠ ብቻ የዘር ነው አይባልም፤ ዝሆኔ የሚያመጣውን ያንኑ ቀይ አፈር በባዶ እግራቸው ረግጠዋላ። ዘርም አለበት፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኤችኤልኤ ከተባሉ የበሽታ መከላከያ ጂኖች (ከወላጅ የሚወረሱ የዘር ቅንጣቶች) ጋር አያይዞታል። ግን ጂኑ ያለበት ሁሉ አይታመምም። ስለዚህ ለጂን ምርመራ ገንዘብ አታውጣ፤ በሽታው የሚለየው እግሩ ታይቶ ነው።

እብጠቱ ከእግር ጣትና ከመርገጫ ተነሥቶ ወደ ጉልበት ከወጣ፣ እኩል ባይሆንም ሁለቱንም እግር ከያዘ፣ ፖዶኮኒዮሲስ (ከአፈር የሚመጣው ዝሆኔ) ይመስላል። ከብሽሽት ከጀመረ ወይም ታማሚው መተከል ቆላ ወርዶ የሠራ ከሆነ የፋይላሪያ (ትንኝ የምታስተላልፈው፣ ዝሆኔ የሚያመጣ ትል) የደም ምርመራ ይደረግለት። እግሩ ከደነዘዘ ሥጋ ደዌም ይታይ።

ዘሩን ከአፈሩ ለመለየት፣ ከልጅነታቸው በጫማ ያደጉትን የአጎት ልጆች እያቸው፤ ጎልምሰውም እግራቸው ካላበጠ፣ ጂን ብቻውን እንደማያሳብጥ ፍንጭ ነው።