አየሩ አልገባ ላለው ኢንሌት፦ ብሊዱን ተወውና ጉሮሮውን ለካ

ከደብረ ማርቆስ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ «የማክ 6 ኢንሌቴ ሲሙሌሽን ላይ አልጀምር አለ፣ ሾኩ ከአፉ ወጥቶ ይቆማል፣ የብሊድ ቀዳዳ ልጨምርበት?» ብለሃል። ለአዲስ አንባቢ፦ ኢንሌት የጄት ሞተር አየር ማስገቢያ ነው፣ ማክ 6 የድምፅ ፍጥነት ስድስት እጥፍ፣ ሾክ አየሩ በድንገት የሚጨመቅበት ሞገድ፣ ብሊድ ደግሞ ከኢንሌቱ አየር ስቦ ማውጣት። ኢንሌት ጀመረ የሚባለው ሾኩን ውጦ አየሩን ሲያስገባ ነው። እኔም ባሕር ዳር ስማር በዚሁ ጉዳይ መከራዬን አይቻለሁ። ቀዳዳውን ለጊዜው ተወው።

1. ከካውሉ (የኢንሌቱ የውጭ ሽፋን) ከንፈር እስከ ጉሮሮው (በጣም ጠባቡ ቦታ) ምን ያህል እንደሚጠብ አስላ። የካንትሮዊትዝ ገደብ፣ ማለትም ኢንሌቱ በራሱ ሊጀምር የሚችልበት ትልቁ ጥበት፣ አፉ ላይ ያለው አየር ማክ 6 ከሆነ 1.58 ገደማ ነው። የአፉ ስፋት ለጉሮሮው ሲካፈል ከዚህ በእጅጉ ከበለጠ በራሱ ይጀምራል ብለህ አትጠብቅ።

2. ጥበቱ ልክ ከሆነ ከኋላ ፈትሽ። ኤክስ-51ኤ የተባለው የአሜሪካ የሙከራ በራሪ በ2011 እ.ኤ.አ. ከኤቲሊን ወደ ጄፒ-7 ነዳጅ ሲቀይር ነው ኢንሌቱ አንስታርት ያደረገው፣ ማለትም ሾኩን መልሶ የተፋው። የማቃጠያው ግፊት ሾኩን ወደ ፊት ይገፋል። አይሶሌተሩን (በጉሮሮውና በማቃጠያው መካከል ያለውን ቱቦ) አሳጥረኸው ከሆነ አስረዝመው።

3. የውኃ ጠረጴዛ ራስህ ሥራ። መስታወት ላይ በፍጥነት የሚሄድ ስስ ውኃ እንደ ሾክ ያለ ሞገድ ያወጣል፣ የማክን ቦታ የፍሩድ ቁጥር (የውኃው ፍጥነት ለሞገዱ ፍጥነት ሲካፈል) ይይዛል። ጋማው (ጋዝ ሲጨመቅ ያለውን ጠባይ የሚገልጸው ቁጥር፣ የአየር 1.4 ነው) 2 ስለሆነ ቁጥር አትውሰድበት፣ ጠባዩን ግን በዓይንህ ታያለህ። እኔ የጠየቅሁት መስታወትና ፓምፕ ብቻ ነበር። ግዥ ክፍሉ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ አለኝ፣ አመጣሁ። ማኅተሙ ደብዝዟል ተባለ። በመጨረሻ ኃላፊው ወረቀቱን ሳያነብ «ጎጃም ውስጥ ጄት ሞተር ለማን ነው?» ብሎ ወረወረልኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፣ የሚማር ልጅ እንዲህ አይባልም! አጎቴ ከመራዊ የመስኖ ፓምፑን አዋሰኝ፣ መስታወቱን መስኮት ከሚሠሩ ልጆች ቁራጭ ገዛሁ። ሁለት የእንጨት ሽብልቆችን ሳቀራርብ ውኃው አፉ ላይ ተቆልሎ ቆመ፣ አንተ ስክሪን ላይ ያየኸው ማለት ነው። ትንሽ ባሰፋው አልለቀቀም። በደንብ ስከፍተው ተዋጠ፣ ከዚያ መልሼ ወደ ድሮው ሳጠበው እንኳ አልተመለሰም። ያን ያየ ፈታኝ ሌላ ጥያቄ አላነሳብኝም፣ በዚህ እኮራለሁ።

ስለዚህ ሲሙሌሽንህን ጉሮሮውን ከፍተህ ጀምርና ቀስ እያልክ አጥብብ። እንደዚያ ብቻ የሚሠራ ከሆነ እውነተኛው ኢንሌትም ተንቀሳቃሽ ካውል እንደሚያስፈልገው ጽሑፍህ ላይ አስገባ፣ ፈታኞች የሚይዙህ እዚያ ላይ ነው። ብሊድ ከዚያ በኋላ ይታያል። ይረዳል፣ ግን የሳብከው አየር ከማቃጠያው የቀነስከው ነው።

ጠረጴዛው አሁንም ቤቴ አለ። ባሕር ዳር መምጣት ከቻልክ ሽብልቆችህን ቆርጠህ ና፣ ፓምፑን ከአጎቴ እለምንልሃለሁ።