ባትሪው ደህና ነው፣ ፍሪጁ ግን ይጠፋል

ጥያቄ፦ ሚኒባሴን አልጋ፣ ሁለተኛ ባትሪና የ12 ቮልት ፍሪጅ አስገጥሜ ለጉዞ አዘጋጅቼዋለሁ። ሐይቁ ዳር ሳድር ፍሪጁ ሌሊት ይጠፋል። ጠዋት ባትሪውን በቴስተር ስለካው ግን 12.5 ይላል። መካኒኩ «ባትሪው ሞቷል» ብሎኛል። ልቀይረው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ገና አይቀይሩት። ተራ የአሲድ ባትሪ ሲሞላ 12.6 ወይም 12.7፣ ግማሽ ሲሆን 12.2 ገደማ ያሳያል። ችግሩ የለኩት ፍሪጁ ጠፍቶ መሆኑ ነው። ደካማ ባትሪም ሆነ ቀጭን ሽቦ ጫና ከሌለበት አይታወቅም።

ቴስተሩን ዲሲ (የባትሪ ቮልት) 20 ላይ ያድርጉት። ቀዩ ገመድ የቮልት ቀዳዳ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ፤ 10 አምፔሩ ውስጥ ተረስቶ ባትሪ ከነካ ሾርት ነው፣ ርካሽ ቴስተሮች ደግሞ እዚያ ቀዳዳ ላይ ብዙ ጊዜ ፊውዝ የላቸውም። ኮምፕሬሰሩ እየሠራ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ወዲያው የፍሪጁን መሰኪያ ይለኩ። ባትሪው 12.4፣ መሰኪያው 11.7 ካለ 0.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ፍሪጁም ባትሪው ያለቀ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ባትሪው ራሱ ቶሎ ከ12 በታች ከወረደ ግን መካኒኩ ልክ ነው።

ቮልቱ የጠፋበትን ቦታ ለማግኘት፣ ፍሪጁ እየሠራ አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን የፍሪጁ ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ። የሚያነቡት ቁጥር በዚያ በኩል የጠፋው ነው። ኔጌቲቩንም እንዲሁ ይለኩ። በፊውዝ ቤቱ ግራና ቀኝ ከ0.1 በላይ ካገኙ ላልቷል ወይም ተቃጥሏል። ኔጌቲቩ ቦዲ ላይ ከታሰረ ቀለሙንና ዝገቱን ፍቀው መልሰው ይሰሩት።

ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው የቤት መብራት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ነው። ፍሪጁ ከባትሪው 5 ሜትር ከራቀ ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ይሆናል፤ 5 አምፔር ሲሄድበት 0.6 ቮልት ገደማ ይበላል። በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 0.2 ብቻ ነው። ሲገዙ ባለ ብዙ ክሩን ይምረጡ፤ ድፍኑ በመኪና ንዝረት ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ሆቴል ግቢ ውስጥ ከሶኬት ከመሳቤ በፊት ምን ልለካ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ቴስተሩን ኤሲ (የቤት መብራት ቮልት) 600 ወይም 750 ላይ አድርገው፣ የብረቱን ጫፍ ሳይነኩ ይለኩ፦ ከፌዝ (ኃይል ካለበት ቀዳዳ) ወደ ኒውትራል (መመለሻው) 220 አካባቢ፣ ከፌዝ ወደ ግራውንድ (የመሬት መስመር) ያው፣ ከኒውትራል ወደ ግራውንድ ዜሮ አጠገብ። ከፌዝ ወደ ግራውንድ የሚዋዥቅ ወይም በጣም ያነሰ ቁጥር ካዩ ግራውንዱ አልተገናኘም። የመኪናው ቦዲ ሊነዝር ስለሚችል አይሰኩ።