12 ዓመት ተምሮ ምን ይዞ ወጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ታላቁ ልጄ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ 50 በመቶ አልሞላለትም። ሪሜዲያልም (50 ያልሞላላቸው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚማሩት የማካካሻ ትምህርት) አልደረሰውም። ይኸው ቤት ተቀምጧል። እህቱ ዘንድሮ 10ኛ ናት። ድሮ 10ኛ ላይ ማትሪክ ነበር። ያለፈው ፕሪፓራቶሪ (11ኛና 12ኛ) ይገባል፣ ያልሆነለት ሙያ ይማራል። ያ ቢመለስ አይሻልም? ልጅቷንስ ምን ላድርጋት?
እናት፣ ከቢቸና

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎ አንጀቴን በላው። 28 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩት እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ነው።

ልጅዎን ሰነፍ ነው እንዳይሉት። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከ100 ተፈታኝ 3 ገደማ ነው። በ2017 እንኳ 8.4 በመቶ ነው። ይህን ያህል ልጅ ሲወድቅ ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም።

ኩረጃን ለመከላከል የ12ኛው ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠቱን ግን እደግፋለሁ። ድሮ ፈታኝ ሆኜ አንድ ልጅ ላጲሱን ደጋግሞ ሲያገላብጥ አየሁትና ተቀበልኩት። ጀርባው ላይ መልሱ ከ1 እስከ 20 በጥቃቅን ፊደል ተደርድሯል። ከኋላው የተቀመጠችው ልጅ ግን ራሷ እየሠራች ነበር፤ ወረቀቷ በስሌት ጠቁሯል። ሁለቱ እኩል ቢያመጡ ማን ይፈርድላታል? ኩረጃ የሚበላው እሷን ነው።

የ10ኛው ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ነው። ይመለስ አልልም። በ16 ዓመቷ ዕጣዋ ይቆረጥ የነበረች ልጅ 2 ዓመት አግኝታለች። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። 50 በመቶ የዩኒቨርሲቲ በር ነው እንጂ የ12 ዓመት ትምህርት ሚዛን አይደለም። እንግሊዝኛ 62፣ ፊዚክስ 31 ያመጣ ልጅ «ወደቀ» ተብሎ ብቻ መሸኘት የለበትም። ውጤቱ በየትምህርቱ ተዘርዝሮ ይወጣል፤ ሰው የሚያየው ድምሩን ነው። ቀጣሪ የሚያከብረው፣ «ይህን ይችላል» የሚል ወረቀት ይገባዋል።

ስለዚህ ልጅዎ ያንን ውጤት ይዞ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄዶ ይጠይቅ። በግል ተመዝግቦ ድጋሚ የሚፈተንም አለ።

ልጅቷን ከትምህርት እንዳያስወጧት። ከ2016 ጀምሮ በኮምፒውተር የሚፈተንም ስላለ፣ ማውስ ይዛ የማታውቅ ከሆነ ከአሁኑ ትልመድ። ከሁሉ በፊት ግን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳቧን ትከልስ። ክፍልፋይ ያልገባት ልጅ 11ኛ ላይ መምህሩ የሚለው አይገባትም። ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧቸው። ወንድሟ ያስጠናት። ለእሱም ቤት ከመዋል ይሻለዋል።